የአሬራው ትምህርት

በቡሬ ገበያ የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው። ደረሰ የሚባል አዳኝ ነበረ። በጣሊያን ዘመን አርበኞች «ውሻህን ግደል» ሲሉት አሻፈረኝ ብሎ ከመንደሩ ወጣ፤ ከጣሊያን ምሽግ ግርጌ ካለ ዋሻ ገብቶ ተቀመጠ። ጣሊያን ያበላው ነበር የሚሉም አሉ። ባጭሩ፣ ለአንዲት ውሻ ሲል አገሩን የተወ ሰው ነው።

ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምንላት ከተማ ዙሪያ ባለው ገጠር የሚነገረው ደግሞ ሌላ ነው። ደረሰ ባይኖር በዚያ ዓመት ወንዙን የተሻገረ አርበኛ ሁሉ ያልቅ ነበር ይላሉ። ዋሻ የገባው ለራሱ ብሎ አይደለም፤ ውሻዋም እንደ አንድ ወታደር ትቆጠራለች።

ሁለቱም ወገን ዋሻውን ሲያሳይ ጣቱን የሚቀስረው ወደ አንድ ቦታ ነው። ደረሰ በዚያ መኖሩን የሚክድ የለም። የሚለያዩት ለምን እንደ ገባ ሲናገሩ ነው። የቡሬዎቹንም ውሸታሞች ማለት አይገባም፤ ያዩትን ነው የሚናገሩት። ያላዩት ከዚያ በፊት የነበሩትን ስድስት ሳምንታት ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ1931 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። ዋንዛ በር አሥራ አምስት ጭስ ያላት መንደር ነበረች። በስተምሥራቅ ከፍ ብሎ ከሚታየው ኮረብታ ላይ ጣሊያን ምሽግ ሠርቶ መትረየስ አጥምዷል። ከመንደሯ ሥር ወንዙን የሚያሻግር አንድ መልካ አለ። በረኻ የወጡት አርበኞች እህል ሊወስዱ ሲመጡ ከዚያ በቀር መሻገሪያ የላቸውም። ሰው ሲያልፍ አንድ ውሻ ይጮኻል። አንዱ ሲጮኽ የቀሩት ይቀበሉታል። ያን ጊዜ ምሽጉ ይነቃና መትረየሱ ወደ መልካው ይንጣጣል። በጥቅምት ወር ብቻ ሁለት ሰው እንዲህ ሞተ።

የኅዳር ሚካኤል ማግስት የአርበኞቹ አለቃ ባላምባራስ ቢሆነኝ መጡ፤ የመንደሩንም ሰው ከዋንዛው ሥር ሰበሰቡ።

«ልጆቼን የገደለው ጣሊያን ብቻ አይደለም» አሉ። «የእናንተም ውሻ ነው። በሰባት ቀን ውስጥ በዚህች መንደር ውሻ እንዳላይ። እናንተ ካልጨረሳችሁ እኛ እንጨርሳለን።»

ከአገው ምድር መጥተው በዚያች መንደር የሸመገሉት አያ ቢሰጥ ቀድመው ተናገሩ። «ባላምባራስ፣ ጅቡንስ ማን ይጠብቅልን? አንቱ በረቱ ደጃፍ ሊያድሩልን ነው?»

«ጅብ በግ ይበላል አያ ቢሰጥ። መትረየስ የሚበላው ሰው ነው።»

ነገሩ ከሁሉ ይልቅ የከበደው አቻምየለሽን ነው። ባሏ ከሞተ የቆየ፣ አንድ ልጇ ከባላምባራስ ጋር በረኻ የወረደ ሴት ናት። ወንዙን ከሚሻገሩት አንዱ ልጇ ነው፤ ከሚጮኹት ውሾች አንዱ የራሷ ነው።

ያን ጊዜ ደረሰ ተነሣ። አምሳ ዓመት ሞልቶታል። ከእርሻው ሌላ ሥራው ከርከሮና ጃርት ማደን ነው፤ አዝመራ ሲደርስ ሰው ሁሉ የሚለምነው እሱን ነው። ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ዘመዶቹ «አግባ፣ ቤትህ ይሙቅ» እያሉ ሲያደክሙት አንዲት ዳማ ቡችላ አምጥቶ «ትበቃኛለች» ብሎ ስም አወጣላት። በዚያ አገር ለውሻ ስም ማውጣት ለጎረቤት መልስ መስጠት ነው። አያ ቢሰጥ በድንበር ክርክር የተረቱ ዕለት ውሻቸውን «እግዜር ይየው» አሉት። የአቻምየለሽ ውሻ «ምን ቸገረኝ» ይባላል። ደረሰ የራሱን ሲጠራ ስሟን ያሳጥረዋል፤ «በቄ» ይላታል።

«ባላምባራስ» አለ ደረሰ፣ «ውሻ ሁሉ አንድ አይደለም። ደጅ ጠባቂ አለ፣ ኮሽ ባለ ቁጥር ይጮኻል። በረት አዳሪ አለ፣ ጅብ እስኪቀርበው ትንፍሽ አይልም። አነፍናፊ አለ፣ ዱካ ይዞ ይሄዳል እንጂ አፉን አይከፍትም። ያዥም አለ፣ ከርከሮን ከጆሮው አይለቅም።»

«የኔ ምን ቸገረኝስ?» አለች አቻምየለሽ።

«ያንቺው ምድጃ ሞቂ ነው።»

ሰው ሳቀ። ባላምባራስ አልሳቁም፤ ግን እጃቸውን አንሥተው «ቀጥል» አሉት።

«ለከርከሮ የሚጮኽ ውሻ ይዞ የወጣ አዳኝ ባዶ እጁን ነው የሚገባው። ስለዚህ ዝም ማለት እናስተምራቸዋለን። ምድጃ ሞቂውም ቢሆን ይማራል። ዛሬ አሥራ ሦስት ነው፤ ከነገ ወዲያ ጾም ይገባል። እስከ ገና ዋዜማ ቀን ይስጡኝ።»

«ጾምና ውሻን ምን አገናኛቸው?»

«አሬራው ነዋ ጌታዬ። ጾም ሲገባ ቅቤው ይቀመጣል፣ አሬራው ከሕፃን ይተርፋል። ከገና በኋላ ለውሻ አሬራ ስጡኝ ብል ሚስቶቹ በዱላ ነው የሚያባርሩኝ።»

«ያልተማረ ውሻ ቢገኝስ?»

«በገዛ እጄ አጠፋዋለሁ። የማንም ይሁን።»

«ማርያምን?»

«ማርያምን» አለ ደረሰ።

ባላምባራስ ፈቀዱ። ደረሰ ግን አንድ ነገር ጨመረ። ውሾቹ የመንደሩን ሰው ያውቃሉ፤ ለመማሪያ የማያውቁት ሰው ያስፈልጋቸዋል። ባላምባራስ ወደ ኋላቸው ዞረው ዘሩ የሚባለውን አርበኛ ጠሩ። ዘሩ በአንድ ውጊያ ላይ የጋለ መትረየስ በጋቢው ይዞ ከጣሊያን እጅ ቀምቷል የሚባልለት ነው። የታዘዘውን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ባላምባራስ፣ ሌላ ሥራ የለም?»

«ምን ሆንክ?»

«ውሻ… እንዲሁ አልወድም።»

ያን ዕለት ከዋንዛው ሥር የነበረ ሰው ይህችን እስኪያረጅ ድረስ እያነሣ ይስቅ ነበር።

ደረሰ ከቤት ቤት እየዞረ በመጀመሪያ ያስተማረው ባለቤቶቹን ነው። የውሾቹ ይቀላል ይል ነበር። «ውሻ እየዋጠ አይጮኽም። ትምህርቱ በሙሉ ይህች ናት። የሰው ኮቴ ስትሰሙ፣ እሱ አፉን ሳይከፍት ቀድማችሁ በቀስታ ‹ዋጥ› በሉትና አሬራውን ፊቱ አድርጉለት። ከጮኸ አትምቱት፤ ምንም አትስጡት። የተመታ ውሻ ዝም የሚለው ለዱላው ነው፤ ዱላው ሲርቅ ይጮኻል።»

አያ ቢሰጥ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሌባ ቢመጣም ዝም ሊለኝ ነው?»

«ዝም ብሎ ወደ አንቱ ይመጣል። አፍንጫውን ከእጅዎ ላይ ያሳርፋል። ሰው መምጣቱን አንቱ ያውቃሉ፤ ሌባው ግን መታወቁን አያውቅም። ከጩኸት የትኛው ይሻላል?»

«ይሄንን ሲሆን ከድንበሩ ክርክር በፊት ብትነግረኝ ጥሩ ነበር» አሉ።

አቻምየለሽ ቅሏን አላስነካም አለች። «በምበላበት ዕቃ ውሻ አይልስም! ጸበል ልታስረጨኝ ነው?» አለችና ለምን ቸገረኝ የገንቦ ስባሪ ፈለገችለት።

ዘሩ በየማለዳውና በየምሽቱ ከመልካው ተነሥቶ በአሥራ አምስቱ ደጅ ያልፋል። በመጀመሪያው ቀን ከአያ ቢሰጥ የድንጋይ አጥር ላይ ወጥቶ አልወርድም ብሎ ነበር። «እኔንም ዋጥ በሉኝ!» እያለ ይጮኻል። ደረሰ ትበቃኛለችን ይዞ ይመጣና ከየውሻው አጠገብ ያስቀምጣታል። ዘሩ ሲያልፍ እሷ ጆሮዋን ብቻ ቀና ታደርጋለች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ዞራ አፍንጫዋን ከደረሰ መዳፍ ውስጥ ታስገባለች። ሌሎቹ እሷን ያያሉ። ውሻ ከሰው ይልቅ ከውሻ ቶሎ ይማራል።

በሁለተኛው ሳምንት ኮቴ ሲሰሙ ወደ ደጅ መሮጥ ትተው ወደ ስባሪያቸው መሮጥ ጀመሩ። በሦስተኛው አሬራው አንድ ቀን ይሰጣል፣ አንድ ቀን ይቀራል። በአራተኛው መዳፍ ብቻ ሆነ። አንድ ምሽት እግዜር ይየው ከአጥሩ ወጥቶ የዘሩን እግር ላሰ። ዘሩ እንደ ምሰሶ ደርቆ ቆመ። ውሻው ሲመለስ ግን «ምላሱ ይሞቃል» አለ፤ ሌላ ምንም አላለም።

ከዚያ በኋላ ዘሩ ማለዳ ሥራውን ሲጨርስ ከደረሰ ደጅ ይቀመጥ ነበር። ስለ ምሽጉ ሻምበል ውሻ ያወራለታል። ጆሯቸው ከቆመው፣ ተኩላ ከሚመስሉት ወገን ነው አለው።

«ሲጠራው ነው የሚመጣለት ወይስ ሲያፏጭለት?» ጠየቀ ደረሰ።

«በቋንቋቸው አንድ ነገር ይለዋል፤ ይቀመጣል። ሌላ ይለዋል፤ ይተኛል።»

«ይመታዋል?»

«ሲመታው አላየሁም።»

«እንግዲያስ ያስተማረው ሰው ሥራውን ያውቃል» አለ ደረሰ። «ጣሊያን መሆኑ ነው እንጂ።»

ዘሩ ሳቀ። ደረሰም ስለ በቄ ነገረው። ከምሽጉ ወዲያ ማዶ፣ ጅብ ዋሻ ከሚባለው አፋፍ ከርከሮ ሲጠብቅ አንድ ጊዜ «ጃስ» ሲላት ጮኸች። ዋሻው ድምፅዋን ተቀብሎ መለሰው፤ አገር ሙሉ ውሻ የመጣ መሰለ። ከርከሮው የሚሸሽበት ጠፍቶት ቆሞ ቀረ።

በዚያ ወራት በቄ እርጉዝ ነበረች። ደረሰ ያውቃል። ቀኑን ቆጥሮ ከጥምቀት በኋላ ነው የምትወልደው ብሏል። ከአንድ ወንድ በላይ ሲከተላት አይቶ የቆጠረው ግን ከመጨረሻው ነበር። ከአራተኛው ሳምንት በኋላ ሆዷ ስለ ከበዳት ከቤት አስቀራት። ደግሞስ ለአስተማሪዋ ምን ትምህርት ያስፈልጋታል? የአሥራ አራቱን ውሾች ዝምታ ሲፈትን የእሷን አልፈተነም።

ለገና ሦስት ቀን ሲቀር በቄ አራት ቡችሎች ወለደች። ደረሰ ለአቻምየለሽ ብቻ ነገራት። እሷም መጥታ ከመቃኑ ላይ ቆማ አየቻቸው። «ምነው ዓይናቸው?» አለች።

«ገና ነው። ሁለት ሳምንት ይፈልጋል።»

«እውነት ትበቃሃለች ግን?» አለችው፣ ውሻዋን በአገጭዋ እያሳየች።

ደረሰ የገለባውን ጥግ ሲያስተካክል ቆየ። «ዘንድሮስ እንጃ» አለ።

የገና ዋዜማ ዕለት ፀሐይ ስትጠልቅ ባላምባራስ አራት ሰዎች አስከትለው ከመልካው ወጡ። ባለቤቱ ሁሉ ከደጁ ተቀምጧል። የሰዎቹ ኮቴ ሲሰማ የአያ ቢሰጥ ውሻ ቀና አለ፤ ዞረና አፍንጫውን ከሽማግሌው ጉልበት ላይ አሳረፈ። የቀጣዩም እንዲሁ። ከዚያም የቀጣዩ። ምን ቸገረኝ ከምድጃው ተነሥቶ መጣና ከአቻምየለሽ መዳፍ ላይ ተነፈሰ። እሷ ግን ውሻውን አላየችም። ከአራቱ ሰዎች ሦስተኛው ልጇ ነው። ዓመት ከመንፈቅ አላየችውም፤ ክንዷን ብትዘረጋ የምትነካው ያህል ቀርቦ አለፈ። አፏን ከፈተች። ከዚያ እሷም ዋጠችው።

አሥራ አራት ደጅ ያለ አንድ ጩኸት ታለፈ። ከአሥራ አምስተኛው፣ ከደረሰ ቤት፣ ትበቃኛለች ጮኸች።

ደረሰ «ዋጥ» አላት። መዳፉን ሰጣት። እሷ እጁን አልነከሰችም፤ በአፍንጫዋ ገፋ አደረገችው፤ ከቡችሎቿ ፊት ቆመችና እንደገና ጮኸች። ከኮረብታው ላይ መትረየሱ መለሰ። ጥይቱ ከታች መልካው ላይ አረፈ፤ ሰዎቹ ወጥተው ነበርና ማንንም አላገኘም። ሰው ሁሉ ግን መሬት ላይ ተኝቶ እስኪያበቃ ጠበቀ።

ዝም ሲል ባላምባራስ ከደረሰ ግቢ ገቡ። ሰዉም ተከተለ።

«ምን ብለህ ነበር?»

«ማርያምን ብዬ ነበር።»

«እንግዲህ።»

አያ ቢሰጥ መሐል ገቡ። «አራስ ናት ባላምባራስ። አራስ ማን ዝም ያሰኛል? ቡችሎቹ ጡት እስኪተዉ ነው።»

«ከነገ ወዲያ አርባ ሸክም እህል ይሻገራል» አሉ ባላምባራስ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ የደከመ ነበር። «የዚያችን እናት ልጅ ጨምሮ ሃያ ሰው ነው የማሳልፈው። ጡት እስኪተዉ የሚጠብቀኝ ጣሊያን ካለ አሳዩኝ። ወደ ሌላ መንደር ብትወሰድም እዚያም መንገዴ ነው። ዘሩ፣ ጥይት አይተኮስም፤ ገመድ ያዝ።»

ዘሩ ከቦታው አልተነቃነቀም። «ባላምባራስ» አለ፣ «መትረየሱን ይዘዙኝ።»

«ምን አልክ?»

«ኮረብታው ላይ ውጣና መትረየሱን አምጣ ይበሉኝ። እወጣለሁ። ይሄንን አይዘዙኝ።»

ይህን ጊዜ የሳቀ የለም። ደረሰ «እኔው ነኝ የማልሁት» አለና ብቻውን ወደ ቤት ገባ።

በቄ እሱን ስታይ ተኛች። አንደኛዋ ቡችላ ከጡት ተንሸራትታ ጭራሮ ላይ ወድቃ ታላዝናለች፤ አንሥቶ መለሳት። እጁን ከውሻዋ ግንባር ላይ አሳረፈ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ለሰው ሲናገር የከረመውን ለራሱ አሰበው፤ የተመታ ውሻ ዝም የሚለው ለዱላው ነው። ይህችን የሚያዘው ዱላ አልነበረም፤ አሬራም አልነበረም። ዓይናቸውን ያልገለጡ አራት ነፍሶች ነበሩ። ከደጅ ደግሞ የአቻምየለሽ ልጅ ሲያስል ይሰማል። እሱም ነፍስ ነው። ደረሰ ሁለቱንም ሰማ፤ አንዱን ሰምቶ አንዱን አልሰማሁም ማለት አልቻለም።

መቃኑ ላይ ጥላ አረፈ። አቻምየለሽ ናት። ለገና መንገደኛ ስንቅ የምታሰናዳበትን አገልግሏን ይዛለች፤ እንጀራው ወጥቶ ከውስጡ አሮጌ ነጠላ ተነጥፏል።

«ምንድነው ይሄ?»

«የትም ይሂዱ የት እንዳይበርዳቸው ነው።»

«አገልግልሽን? ለውሻ?»

«ዋጥ በል» አለችው፤ አገልግሉን ከገለባው አጠገብ አስቀምጣ ወጣች።

ደረሰ ቡችሎቹን አንድ ባንድ አንሥቶ አገልግሉ ውስጥ አስተኛቸው። እናቲቱ እያነሣ ሲያስገባቸው እያየች ትንፍሽ አላለችም፤ ቆማ ብቻ ታሸታቸው ነበር። ከዚያ አገልግሉን በክንዱ አንጠልጥሎ፣ እሷን ከእግሩ ሥር አስከትሎ ወደ ደጅ ወጣ። ሰው ሁሉ እሱን ያይ ነበር። ገመዱ ከመሬት ላይ እንደ ተጣለ ነው።

«ባላምባራስ» አለ፣ መንደሩ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ፣ «መሐላዬን አፈርሳለሁ። ንስሐውን የነፍስ አባቴ ይስጡኝ፣ እሸከማለሁ። ይህችን ውሻ አልገድልም፤ ከመንደራችሁም አላሳድራትም። አሁኑኑ ከምሽጉ ወዲያ ማዶ ጅብ ዋሻ እወርዳለሁ። ዝም በይ ብላት እምቢ ብላኛለች፤ ጩኺ ብላት ግን እምቢ አትልም። እናንተ በምትሻገሩ ቀን ዘሩን ቀድማችሁ ላኩብኝ፤ ከዋሻው አፍ ‹ጃስ› እላታለሁ፤ ጣሊያን አገር ሙሉ ሰው መጣብኝ ብሎ መትረየሱን ወደኔ ያዙር። ድንጋዩ ወፍራም ነው፣ ቡችሎቹን ከውስጥ አደርጋቸዋለሁ። ሰው ‹ደረሰ ከጣሊያን ግርጌ ገባ፣ ባንዳ ሆነ› ቢላችሁም መልስ አትስጡልኝ፤ ወሬው ምሽጉ ቢደርስ ወዳጅ መስያቸው ስለማይፈልጉኝ ለኔ ይጠቅመኛል። እኔ ከሷ ጋራ ነኝ፤ እናንተ እለፉ።»